የእናቴ ሉፕና የልጄ ክርስትና

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ካዛንቺስ የነበረው ሱቋ ሲፈርስ የስፌት መኪናዋን አስጭና ቤታችን ወዳለበት ወደ ቂርቆስ ወረደች፤ ደንበኞቿም እየጠያየቁ ተከትለዋት መጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሴት ስትለካ ኖራለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ "ዞር በይ፣ ሆድሽን አታስገቢ፣ እኔን አታታልይኝም" ስትል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ አንድ ቀን ሱቋ ጎራ ስል፣ እንደተቀመጠች ለደንበኛዋ "ልክሽን መውሰድ አያስፈልግም፤ ልክሽ የሆነ አሮጌ ቀሚስ አምጪልኝ፣ በሱ እቆርጥልሻለሁ" ስትላት ጆሮዬን አላመንኩትም። እናቴ በአሮጌ ቀሚስ ልክ አትቆርጥም። የሴት ገላ በየወሩ ይለዋወጣል ባይ ናት።

ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ትዕግሥት የሚባል ነገር ድሮም አልፈጠረብኝም፤ እርግዝናው ደግሞ ጭራሽ አባሰው። ደንበኛዋ እስክትወጣ እንደምንም ጠበቅኩ።

"እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የማትነሺው?"

"ጉልበቴን አሞኛል።"

"እስቲ ተነሺ።"

"አልነሳም። ሥራ አለብኝ፣ አትነዝንዢኝ።"

"እማዬ፣ ተነሺ አልኩሽ!"

ተነሳች። ወንበሯ ላይ አራት እጥፍ የታጠፈ የሱሪ ገበር ትርፍራፊ ተነጥፏል፣ ጥቁር። ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደም ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ውሃ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። ከወንበሩ ሥር ባለው ፌስታል ውስጥ ደግሞ እንደዚያው የታጠፉ ስድስት ሰባት ጨርቆች በሥርዓት ተደርድረዋል። ሞዴስ አልችል ብሏት በራሷ እጅ ሰፍታ ነው የምትጠቀመው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካዛንቺስ እያለሁ ነው የጀመረኝ።"

"ካዛንቺስ እያለሽ? አንድ ዓመት አልፎታል እኮ!"

"አንዳንዴ አሥራ አምስት ቀን ነው፣ አንዳንዴ ወሩን ሙሉ። ዕድሜ ነው አሉኝ። ሊቀር ሲል እንዲህ ያደርጋል አሉ።"

"እነማን ናቸው ያሉሽ?"

"ሴቶች ናቸዋ።"

በስመአብ! ደሜ ፈላ። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፤ ወረቀት ነው የሚመስለው። የዓይኗን ቆብ ወደታች ሳብ አድርጌ አየሁ፤ ቀይ የሚባል ነገር የለውም። የሰው ቀሚስ ከጨርቅ ላይ ትርፍ ሳታስቀር የምትቆርጥ ሴት፣ የራሷ ደም ሲያልቅ ቁጭ ብላ ታያለች። መጮህ ጀመርኩ። ምን ምን እንዳልኳት አሁን ባስታውሰው አፍራለሁ። እሷ ግን አስጨረሰችኝና፣ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገረች።

"እኔን የሚያሳስበኝ ደሙ አይደለም። የልጅሽ ክርስትና ነው።"

የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተክርስቲያን እንደማትገባ ማንም የሚያውቀው ነው። አልትራሳውንድ ሴት ልጅ እንዳረገዝኩ ነግሮናል፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እናቴ ሁሉንም አስልታዋለች። "የቀረሽ ሁለት ወር፣ ከዚያ ሰማንያ ቀን። ድፍን አምስት ወርም የለኝ። እስከዚያ ካልቆመልኝ በምን ዓይኔ? የመጀመሪያ የልጅ ልጄን በእጄ ይዤ ካልገባሁ..." አለችና ፊቷን ወደ መኪናው መለሰች። ክሩ ያላለቀ ማጠንጠኛ ላይ ክር ስታጠነጥን አየኋት። አንጀቴን በላችው። እዚያው አቅፌያት አለቀስኩ፤ ሆዴ መሃላችን ገብቶ በደንብ እንኳ አልተቃቀፍንም።

"እስከዚያስ ቅዳሴ?" አልኳት።

"ቤት ሆኜ በቴሌቪዥን እከታተላለሁ። እግዚአብሔር ቤትም ውስጥ አለ።"

ይህን ስትል በጣም ረጋ ብላ ስለነበር አመንኳት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የምርመራውን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍነው አልተርክም። ማህፀኗን በአልትራሳውንድ አዩ፣ ከውስጡ ትንሽ ናሙና ወሰዱ፣ ደሟን መረመሩ። ክፉ ነገር የለም ተባልን። የዕድሜ ለውጥ ሲቃረብ ሆርሞን ይዛባል፤ ደሙም በዚያ ምክንያት ነው የሚፈሰው። የደም ማነሱ ግን ክፉኛ ነበር፤ አይረን ታዘዘላት። ዶክተሯ ከኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ወረቀት ላይ ማህፀን ሥላ መሃሉ ላይ ትንሽ ቲ የመሰለች ነገር አስቀመጠችና፣ "ሆርሞን ያለው ሉፕ እናድርግልዎት" አለቻት።

እናቴ ሥዕሉን አየች፣ ዶክተሯን አየች፣ እኔን አየች።

"ሉፕ? ለኔ?" አለች። "ዶክተር፣ ባለቤቴ ከሞተ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።"

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "አውቃለሁ እናቴ። ይሄኛው ለወሊድ መከላከያ ብቻ አይደለም። የማህፀንዎን የውስጥ ሽፋን ያሳሳዋል፣ ደሙ ይቀንሳል። መጀመሪያ ጥቂት ወራት ነጠብጣብ ይኖራል። ከዚያ አብዛኛው ሴት ላይ ይቀንሳል፤ አንዳንዷ ላይ ጭራሽ ይቆማል።"

"ጥቂት ወራት ማለት ስንት ነው?"

"ሦስትም ሊሆን ይችላል፣ ስድስትም።"

እናቴ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጣቶቿን ስትቆጥር አየኋት።

እሺ ለማለት ግን ሌላ ሳምንት ፈጀባት። መበለት ሉፕ አስገባች ቢባልስ? ማን ነው የሚለው ብላት፣ "አንቺ ይሄን ሰፈር አታውቂውም" አለችኝ፤ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩትን! በመጨረሻ የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አላደርግም አለች። እሺ፣ እንሂድ አልኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ፤ እምቢ ቢሉ ልሟገት፣ ካስፈለገም ልቆጣ ተዘጋጅቻለሁ። አባ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ሰሟት።

"ሕመም ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር?"

"ሕመም ነው አባቴ።"

"ታዲያ የታመመ ሰው ልታከም ወይ ብሎ ይጠይቃል እንዴ? ሂጂ ታከሚ። ይማርሽ።"

በቃ፤ ያ ሁሉ ንግግሬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ሉፑ በገባላት ቀን ከክፍሉ ስትወጣ እንቁላል እንደያዘች ሴት ቀስ እያለች ነው የምትራመደው። "እንዴት ነበር?" ስላት፣ "አንቺን የወለድኩ ሴት ይቺን ታክል ነገር ምን ታደርገኛለች" አለችኝ፤ እጄን ግን ታክሲ እስክንገባ ድረስ ጭምቅ አድርጋ እንደያዘችው ነበር።

ከዚያ ወለድኩ። የታረስኩት እሷ ቤት ነው። ደንበኞቿን ገሚሱን መልሳ፣ ገሚሱን አስጠብቃ፣ እኔንና ልጄን ስትንከባከብ ከረመች። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ደም ያየችበትን ቀን ሁሉ ልብስ በምታሰምርበት ጠመኔ ታሰምርበታለች። መጀመሪያ ካላንደሩ በሙሉ መስመር ነበር። ከዚያ አንድ ሁለት ባዶ ቀን ታየ። ከዚያ አንድ ባዶ ሳምንት። ልጄን አቅፋ ካላንደሩ ፊት ቆማ፣ "አየሽ እቴ፣ አየሽ የኔ እመቤት፣ አያትሽ ትገባለች" ትላታለች፤ ልጄም የገባት ይመስል ትንፈራገጣለች። ፊቷ ደም መሰለ። ዕቃ ስታነሳ ማለክለኳ ቀረ። እኔም በደስታ ብዛት ሌላ ነገር ሁሉ ረሳሁ።

የረሳሁት ራሴን ነው።

በአርባ አምስተኛው ቀኔ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ዶክተሯ የእናቴን ክትትል እዚያው ሰፈራችን እንድታደርግ ጽፋላት ነበር፤ እኔም የወሊድ መከላከያ የምጀምርበት ጊዜ ነው። እናትና ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረፋ፣ "የቤተሰብ ምጣኔ" የሚል በር ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች። ምን ዋጋ አለው! ገና ከመቀመጣችን ከማዶ አንዷ ደንበኛዋ ብድግ አለች።

"እንዴ፣ እትዬ! ልጅዎን ይዘው ነው?"

እናቴ አዎ ማለት ትችል ነበር። ግን ሲስተሯ በሩን ከፍታ "የሉፕ ክትትል" ብላ በእናቴ ስም ተጣራች። አግዳሚው በሙሉ ዞሮ አየን። እኔ ጥርሴን ነክሼ ለጠብ ስዘጋጅ፣ እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገፈፍ አደረገችና፣

"ምን ላርግ ልጄ፣ ፈላጊው በዛብኝ!" አለች።

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተሯ እንኳ የበሩን እጀታ ይዛ ነው የሳቀችው። እናቴ ታይታ ስትወጣ ቁጭ ብላ ነገሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እንዴት እንደሚፈሳት፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደተደረገላት። ያቺ ደንበኛዋ ወንበሯን ትታ አጠገባችን መጣችና፣ "የኔም እናት እንደዚሁ ናት፤ ዕድሜ ነው እያለች እምቢ ብላኝ" አለች በሹክሹክታ። እናቴ የዶክተሯን ቦታ ነገረቻት። እኔ በኩራት ልሞት ነበር።

እንግዲህ በዚያ ኩራት ተወጥሬ ነው የገባሁት። ክንድ ላይ የሚቀበረውን መረጥኩ። ሲስተሯ ክንዴን እያሻሸች ታስረዳኛለች።

"ይሄ ጡት ከማጥባት አይከለክልሽም። ግን የወር አበባ ያዛባል። ሊቀር ይችላል፤ ባላሰብሽው ቀንም ትንሽ ትንሽ ሊመጣብሽ ይችላል። አያስፈራም። ገባሽ?"

"ገባኝ፣ ገባኝ። የእናቴስ ግን ሲስተር? በሚቀጥለው ወር የሚመለስባት ይመስልሻል?"

"የእናትሽ ጥሩ ነው። ያንቺን እኮ ነው የማወራው።"

"ሰምቼሻለሁ። ማለቴ፣ ክርስትና ስላለብን ነው። እሷ መግባት አለባት።"

ሦስት ጊዜ ያንቺ አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ የእናቴ አልኳት። የሷን ቀን ስንቆጥር የኔን የቆጠረ ሰው አልነበረም። የሰማንያ ቀን አራስ ደግሞ ትነጻለች፣ ትገባለች፤ የኔ መግባት ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ሰማንያኛው ቀን እሑድ ዋለ። እናቴ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ካላንደሩ ላይ መስመር አላደረገችም። ለሦስታችንም ነጭ ቀሚስ ሰፍታለች፤ ለልጄ የሰፋችው ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ሲነጋጋ ልለብስ ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ፤ አየሁት። ብዙ አይደለም። ግን ደም ነው። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሲስተሯ ያለችኝ ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ያኔ ገና ጆሮዬ ገባ።

እናቴ ስቆይባት መጣች። ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት።

"አይዞሽ" አለችኝ። "ምንም አይደል። የክርስትና እናቷ ይዛት ትገባለች። እኔ ውጭ አብሬሽ እቆማለሁ።"

"ምን? እንዴት ተደርጎ!" ጮህኩ። "ይሄን ሁሉ ወር ስትቆጥሪ የከረምሽው ለዛሬ አይደል እንዴ?"

"አንቺ እናቷ ነሽ። ብቻሽን አላቆምሽም።"

"አንቺ ደግሞ እናቴ ነሽ! ትገቢያለሽ! አንዳችን እንኳ እንግባ እንጂ!"

ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ፤ ነገሩን ሲረዳ የሚገባበት ጠፋው። ልጄ ልትቆርብ ስለሆነ ጡት ከልክለናታል፤ እሷም በበኩሏ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ አየችን፤ ከዚያ ልጄን ከአልጋው አነሳቻት፣ በነጠላዋ ጠቀለለቻት፣ ወደ በሩ ሄደች።

ቤተክርስቲያን ስንደርስ በዋናው በር በኩል ዘመድ ሞልቷል። ለምን አልገባሽም የሚለኝን ሁሉ መመለስ አልፈለግኩም፤ ዞሬ ወደ ኋላ፣ ወደ ትንሿ በር ሄድኩ። እዚያ ከአጥሩ ውጭ አራት አምስት ሴቶች ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ለምን እንደቆሙ መጠየቅ አያስፈልግም። ከዳር ተጠጋሁ። አንዲት ጥቁር ጃንጥላ የያዘች፣ በዕድሜ ከእናቴ ትንሽ የምታንስ ሴት ትክ ብላ አየችኝ።

"የልብስ ሰፊዋ ልጅ አይደለሽም?" አለችኝ። "ቁርጥ እሷን! እናትሽ ሰሞኑን ምነው ጠፋች? አሟት ነው?"

"ከየት ነው የጠፋችው?" አልኳት።

"ከዚህ ነዋ። ቦታዋ እኮ እዚህች ጋ ነው። አንድ ዓመት ከምናምን፣ በዝናቡም በፀሐዩም ቀርታ አታውቅም ነበር። እኔ አንዳንድ እሑድ ነው የምመጣው፣ ሲመጣብኝ። እሷ ግን ሁልጊዜ ነበረች። ዝናብ ሲሆን በዚህች ጃንጥላ ተጠልለን..."

የቀረውን አልሰማሁም። ያን ሁሉ እሑድ፣ እስክወልድ ድረስ፣ እኔ ከባለቤቴ ጋር ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ "ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ" ትለኝ ነበር። ካወቅኩባት በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥን። ያ ሁሉ ደም እየፈሰሳት፣ ለደንበኛ መነሳት አቅቷት፣ እዚህ ቅዳሴ ሙሉ ትቆም ነበር።

"ውስጥ ናት" አልኩ በመጨረሻ። "ዛሬ ውስጥ ናት። የልጅ ልጇን ይዛ ገብታለች።"

"ገባች?" ሴትየዋ ጃንጥላዋን ጣለችው። "ገባች! ሰማችሁ? ያቺ ልብስ ሰፊዋ ገባች!" እነዚያ የማላውቃቸው ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ቅዳሴው እንዳይረበሽ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ እልል አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ክርስትና የሚነሱት ብዙ ነበሩ፤ ግን የኔ ናት። የጡቴ ወተት ወዲያው ወረደ። እናቴ የሰፋችልኝ ነጭ ቀሚስ ከፊቱ በሁለት በኩል ራሰ። ነጠላዬን ደርቤ ግንቡን ተደግፌ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሲጸልዩ እኔ ልቅሶውን ሳዳምጥ ቆየሁ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ በዋናው በር ጎረፈ። እናቴ ግን በትንሿ በር መጣች፤ ልጄን ታቅፋ፣ ባለቤቴን ከኋላ ጥላ፣ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ልጄ ማተቧን አስራለች፣ ግንባሯ በሜሮን ይወዛል። እናቴ ሴቶቹን አየች፤ እኔን አየች፤ እንዳወቅኩ ገባት። ልጄን ሰጠችኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጡቴን አጎረስኳት።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። ልቆጣት ነበር ያሰብኩት፤ ድምፄ ግን እምቢ አለኝ።

"ብነግርሽ ምን ልታደርጊ?"

"ምን ላደርግ? አብሬሽ ልቆማ!"

"ለዚሁ ነዋ" አለችኝ። "አንቺ እንድትገቢ ነው።"

ሰዉ በአጠገባችን ማለፍ ሲጀምር እናቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ እያጠባሁ እንዳያዩኝ ከፊቴ ቆመች።